ከባሏ ጋር የተሰረዘችው ጎረቤቴ

ጓድ ተፈራ በማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል። ጎረቤቴ አስካለ ጠረጴዛው ጥግ ቆማለች። እኔ ምስክር ልሆናት መጥቼ በሩ አጠገብ ነኝ። ሦስታችንም ጫማ አውልቀናል፤ አቧራ ለማሽኑ አይስማማውም ተብለናል። እኛን የናዝሬት ሙቀት ሲያቃጥለን፣ ያለው አንድ ቬንትሌተር ፊቱን ወደ ኮምፒዩተሩ አዙሯል።

ከዓይናቸው ይልቅ መዝገባቸውን የሚያምኑ ሰዎች አላጋጠሟችሁም? ጓድ ተፈራ የእነርሱ አለቃ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ መጥቶ የከተማውን ቤትና ነዋሪ በቁጥር አስተሳስሯል፤ ሚስት የምትገባው በባሏ ቁጥር ሥር ነው። እርሱ ካልፈቀደ ማሽኑን የሚነካ የለም። ማን ደፍሮ?

አስካለ ባሏ ስለሞተ የቀበሌው ቤት ወደ ስሟ እንዲዞርላት ነው የመጣችው። ካልዞረ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ የሉም» አላት።

«እንዴት የለሁም? ይኸው ቆሜ!»

«ባለቤትዎ ሲሞቱ ቁጥራቸው ተሰረዘ። በቁጥራቸው ሥር ያለው ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። አሠራሩ ነው።»

«እሱ ነው እንጂ የሞተው፣ እኔ መች ሞትኩ ልጄ!»

«ይህን ማሽኑ አያውቅም። መኖርዎን የሚያረጋግጥ ምስክር ያቅርቡ።»

አስካለ ወደ እኔ ጠቆመች። ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ማሽኑን ነካክቶ ቀና አለ።

«ባለቤትዎ አሉ?»

«ባሌ አምና ዐረፉ።»

«እንግዲያው እርስዎም የሉም» አለኝ፣ በትሕትና። «የሌለ ሰው ደግሞ አይመሰክርም።»

የሌለ ሰው ፈቃድ አይጠይቅምና ቬንትሌተሩን ወደ አስካለ አዞርኩት። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።