ሙሉ የተባለው ሚዳቋ

ላሞቹ በረታቸው ይግቡ፣ እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረቱ የቆየ ነው፤ እንስሶቹ የምታውቋቸውን ሰዎች ቢመስሏችሁ ግን እኔን አትጠይቁ።

በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካና በአንድ ገደል መካከል አንዲት ምንጭ ነበረች። ጫካው ውስጥ አንበሳና ሹማምንቱ፣ ገደሉ ላይ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። በምንጯ የተነሳ በየበጋው ይፋጁ ነበር። በኋላ ሽማግሌዎች መሀል ገቡና "ደም ከሚፈስ ኳስ ይንከባለል" ብለው አስታረቋቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በበጋ መግቢያ ይጋጠማሉ። ያሸነፈ ምንጯን ይይዛል፤ የተሸነፈ ሩቅ ወንዝ ወርዶ ከአዞ ጋር እየተፋጠጠ ይጠጣል።

በጫካው ቡድን ቦታ የሚደለደለው በማዕረግ ነበር። አንበሳ አጥቂም አምበልም ነው፤ ጎል ማግባት የጌታ ሥራ ነውና። ጅብ ተከላካይ ነው፤ አጥንት መስበር ስለሚችል። ጉማሬ በረኛ ነው፤ ኳስ ይዞ ባያውቅም በሩን ይሞላዋል። አሰልጣኟ እመት ጦጢት ስትሆን፣ የተሾመችው አንበሳን ማሳቅ ስለምታውቅበት ነው። የቀሩት ተሰላፊዎች የእነዚሁ ጌቶች አጎቶችና አማቾች ናቸው። ማንም ያልፈለገው አንድ ቦታ ብቻ ተረፈ፤ የሜዳው ዳር፣ ፀሐይ የሚያቃጥልበትና ሩጫ የሚበዛበት። እሱን ሽውታ ለሚባል ጉብል ሚዳቋ ሰጡት።

ሽውታ መጀመሪያ ላይ ሯጭ እንጂ ተጫዋች አልነበረም፤ እውነቱ ይነገር። ኳሷን ወደ ፊት ይመታና አንገቱን ደፍቶ ይከተላታል፤ ብዙ ጊዜ እሷም እሱም ቁጥቋጦ ውስጥ ይገቡ ነበር። ሲያሻማ ከበሩ ኋላ ያለው ዛፍ ላይ የሰፈሩ ወፎች ይበተናሉ። ተመልካቹ ሩጫውን ብቻ አይቶ ያጨበጭብለታል። ሌላው ለክብር ሲጫወት እሱ ግን ለእናቱ ውሃ ነበር የሚጫወተው። እናቱ እግሯን ወጥመድ የሰበራት አሮጊት ናት፤ ሩቅ ወንዝ ውረጂ ቢሏት መንገድ ላይ ትቀራለች።

ያ ቡድን አንድ ልማድ ነበረው። ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ዋርካ ሥር ይሰበሰብና ግምገማ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል።

"የእኔ ድክመት" ይላል አንበሳ፣ "ለቡድኑ ከልክ በላይ ማሰቤ ነው።"

"የእኔ ደግሞ ሥራ ማብዛቴ ነው" ይላል ጅብ፣ ጥርሱ መሀል የቀረውን ሥጋ በምላሱ እየፈለገ።

ጉማሬ ድክመቱን የሚናገረው ሲቀሰቀስ ነው። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ወደ ሽውታ ያያል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

አንድ ጊዜ ከጎሾች ጋር በተደረገ የልምምድ ጨዋታ በጅብ በኩል ጎል ገባ። ጅብ በዚያ ሰዓት ከበሩ ኋላ አንድ አጥንት አግኝቶ ነበር። ግምገማው ላይ እመት ጦጢት ጉሮሮዋን ጠርጋ ተነሳች።

"ሽውታ ልጄ፣ የመስመር ተጫዋች ብቻ ሆነህ ልትቀር ነው? የዘመኑ ኳስ እኮ የሚፈልገው ሙሉ ተጫዋች ነው። አያ ጅቦ ቦታውን ሲለቅ ተመልሰህ ሸፍን።"

"አያ ጅቦስ እመት ጦጢት? እሱስ ቦታው ላይ ቢቆም?"

"አያ ጅቦማ ልምድ አለው" አለችው።

ሽውታ ተመልሶ መከላከል ተማረ። ኳስ ከመንጠቅ በፊት የባላጋራን ዓይን ማንበብ፣ ሳይወድቁ መንጠቅ፣ ቀጥሎም የነጠቁትን ይዞ ቀና ማለት ለመደ። ቀና ሲል ደግሞ ሜዳው እሱ ከሚያስበው በላይ ሰፊ ሆኖ አገኘው፤ ያን ቀን በእውነት ደስ አለው።

ቀጥሎ የአንበሳ ነገር መጣ። አንበሳ አይሮጥም። ኳስ መዳፉ ሥር ካልመጣች አይነካትም፤ አንድ እርምጃ ከራቀች ይቅርታ ጠይቃ እንድትመለስ በዓይኑ ይጠብቃታል። ሽውታ በቀኝም በግራም እግሩ ኳሷን አንበሳ መዳፍ ላይ ማስቀመጥ እስኪችል ድረስ ለፋ። አስቀመጠለትም፤ አንበሳ ግን እያዛጋ ነበር። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ከዳር ወደ ውስጥ እየገባ ራሱ ማግባት ጀመረ። ጎሉ ሲገባ እመት ጦጢት "የጌታዬን ጅራት ነክታ ነው የገባችው!" ብላ ታጨበጭባለች፤ ጎሉም ለአንበሳ ይቆጠራል።

አማካዮቹ አጎቶች ጥላ ሲፈልጉ የእነሱንም ሥራ ተረከበ። የማዕዘን ምት ይመታል፣ ራሱ ሮጦ ኳሷ ላይ ይደርሳል። ጫካውም "ሙሉ ሽውታ" የሚል ስም አወጣለት። ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስሙ ጣመው። ሲጠሩት ደረቱን ይነፋ ጀመር። ሌሎቹም ስሙን ወደዱት፤ እሱ በሞላ ቁጥር እነሱ ጋደም ማለት ይችላሉና።

እናቱ ብቻ ማታ ማታ ስታየው ከንፈሯን ትመጥ ነበር። "ጎበዝ ወጥቶሃል ልጄ፣ እሰየው። ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሸክሙ፣ ለሃምሳ ጌጡ ነው። የነሱን ሎሚ ማን ይሸከም ብለው ነው?"

"አይ እማዬ፣ እኔ ሙሉ ነኝ እኮ" አላት። ተኝቶ ነበር የመለሰላት፤ መነሳት አቅቶት።

የምንጯ ጨዋታ ደረሰ። ጭላዳዎቹ ከገደላቸው ወረዱ። ከመካከላቸው ይህ ነው የሚባል አልነበረም፤ አንዱን ከሌላው መለየትም ያስቸግር ነበር። ነገር ግን አንዱ ቦታውን ለቆ ሲወጣ ሌላው ሳይጠራ ይሞላለታል፤ አንዱ ሲወድቅ ሁለት ሆነው ያነሱታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚል ተረት አለ። እዚያ ጫካ ውስጥ ይህን ተረት መናገር በአዋጅ የተከለከለ ነበርና ሁሉም በልቡ አስቦት ዝም አለ።

ጭላዳዎቹ ቀድመው አገቡ። ሽውታ ከራሱ በር ኳስ ነጥቆ፣ መሀሉን በአብዶ ሰንጥቆ፣ በግራ እግሩ አቻ አደረገ። ጫካው በጩኸት ተናወጠ፤ የአንበሳ ጅራትም ተመሰገነ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እንደገና ሞከረ። የጭላዳዎቹ በረኛ ኳሷን ያዘና ወዲያው ለጓደኛው ወረወረለት።

ሽውታ ዞሮ መሮጥ ጀመረ። አንበሳን አለፈው፤ አንበሳ ጎፈሩን ያስተካክል ነበር። አጎቶቹን አለፋቸው፤ "በርታ ሙሉው!" አሉት ከተጋደሙበት። ጅብን አለፈው፤ ጅብ አጥንቱን ይዞ "እዚህ ነኝ፣ እየሸፈንኩ ነው" አለ። ኳስ ይዞ ከሚሮጠው ጭላዳ ጎን ደረሰ፤ ጭላዳው መታ። ምቱ ደካማ ነበር፤ ኳሷ እየተንከባለለች ቀስ ብላ ሄደች። ግልገል እንኳ ያቆማት ነበር። ጉማሬ ግን ፀሐዩ በርትቶበት ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ በሩ ላይ የቀረው የተቀመጠበት ጎድጓዳ ብቻ ነው። ሽውታ አንድ ዝላይ ቀረው። ጉልበቱ ከዳውና በደረቱ ተደፋ። ኳሷ አጠገቡ አልፋ ስትገባ አፈር ላይ ተኝቶ አያት።

ዋርካው ሥር ግምገማ ተቀመጡ። አንበሳ ድክመቱ ሰውን ማመኑ እንደሆነ ተናገረ። ጅብ በደረሰው ነገር ምግብ እንደዘጋው ተናገረ። እመት ጦጢት ብዙ አሰበችና ውሳኔውን አሰማች።

"ችግሩ ተገኝቷል። ሽውታ ገና ሙሉ አይደለም። በር መጠበቅ ይጎድለዋል። ለመጪው ዓመት እሱን ይማራል። በል ልጄ፣ ግለ ሂስህን አድርግ።"

ሽውታ ተነሳ። የእናቱ ምንጭ ሄዳለች፤ ከእንግዲህ የሚፈራው ነገር አልነበረውም።

"ጥፋቴ ትልቅ ነው" አለ። "አያ ጅቦ የተወውን ሸፈንኩ፤ ጌታው ያላገባውን አገባሁ። እኔ ባልሞላው ኖሮ ጉድለታችሁ ለሁሉ ይታይ ነበር። ሙሉ ስትሉኝ አምኜ እናቴን ውሃ አሳጣኋት። ግለ ሂሴ ይኸው ነው።"

ጉማሬ ነቅቶ "ጨዋታው መቼ ነው?" ሲል ጠየቀ። ሽውታ እናቱን ቀስ እያደረገ መርቶ ወደ ገደሉ ወጣ። የጭላዳዎቹ አለቃ ከላይ እስከ ታች አየውና "ምን ትጫወታለህ?" አለው።

"ሁሉንም።"

"ሁሉማ ባለቤት አለው። የቀኙ መስመር ዳር ክፍት ነው። ደክሞህ የቀረህ ቀን እኛ እንሸፍንልሃለን።"

ሽውታ ይህን ሲሰማ እንባው መጣ። እናቱም ከምንጯ ጠጣች።

በጋው ሲጠና አንበሳና ሹማምንቱ አዞ ካስጨነቃቸው ወንዝ ተመልሰው፣ ከጭላዳዎቹ ውሃ ሊለምኑ ወደ ምንጯ መጡ። ከሜዳው አጠገብ ቆመው ልምምድ አዩ። ሽውታ ዳሩን ይዞ ይሮጣል፤ ቀና ብሎ አይቶ ያሻማል፤ ሌላው ያገባል። ኳስ ሲነጠቅ ጓደኛው ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። "አይ ልጄ" አለው አዝኖ፣ "እኛ ጋ ሙሉ ነበርክ፤ እነዚህ አጎደሉህ።"

ሽውታ ውሃውን ቀድቶ አቀረበለት።

"ጌታዬ" አለው፣ "እዚህ እኮ አሥራ አንድ ነን።"