የቶከላንድ ጠንቋይ

እዚህ አገር ጠንቋይ መሆን አያሳፍርም፤ ልብ ብላችሁታል? ጥቅምት ሲያልቅ የጠንቋይ ባርኔጣ ሱቅ ውስጥ ከዳቦው አጠገብ ተደርድሮ ይሸጣል። የባርነሃገ፣ የመዋዕለ ሕፃናት፣ ልጆች ሳይቀሩ አፍንጫቸው ላይ ኪንታሮት አሥለው ይመጣሉ። እኛ ቤት ግን ቃሉ ራሱ አይጠራም። እማዬ «እነዚያ ሰዎች» ነው የምትላቸው፣ እሱንም አማትባ። እኔ ደግሞ እዚሁ፣ ሮመን የሚባል ሰፈር ተወልጄ ሮመን ያደግኩ ነኝ፣ ሁለቱንም እፈራለሁ። ባርኔጣውንም፣ ማማተቡንም።

እና ሲልየ፣ የአገሩ ቋንቋ፣ የኖርስክ፣ አስተማሪያችን ናት፣ (አስተማሪን በስሟ መጥራት ለእማዬ እስካሁን አልተዋጠላትም) ክፍሉ በሙሉ አንድ የመካከለኛው ዘመን አገር ይፈጥራል፣ የጠንቋዮች አገር፣ ስትለን እማዬ ስታማትብ ታየችኝ። ያ በጣት የሚሽከረከር መጫወቻ ትምህርት ቤት ውስጥ የተከለከለበት ሰሞን ነው። ልጁ ሁሉ እጁ ባዶ ሆኖ ተክዞ ነበር፣ ጨዋታ ሲባል ጊዜ ነቃ።

አገሩን ቶከላንድ አልነው፣ የጭጋግ አገር ማለት ነው። በቶከላንድ ወንዶቹ ጠንቋዮች ለንጉሡ ይሠራሉ። ካባ አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው፣ ዕረፍት ይወጣሉ። ሴቶቹ ጫካ ውስጥ ናቸው፣ ያላቸው ጉንፋን ብቻ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ወንዶቹ በሴቶቹ ያመካኛሉ። ይሄን ማን ጻፈው? እኔ።

እስከዚያ ድረስ እኮ ድምፄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስም ሲጠራ እንኳ «ያ» (አዎ ማለት ነው) የምለው ለራሴ ነው። አንድ ረቡዕ ግን ሲልየ፣ ሰዎች ጠንቋይን ለምን ይፈራሉ ብላ ስትጠይቅ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ዓይኗን ነው የሚፈሩት አልኩ። እሷ ባለችበት ልጅ ቆንጆ ነው አይባልም፣ ምግብም ይሸፈናል አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የመሰልቸት ጸጥታ አይደለም፣ የመስማት ጸጥታ ነው። እንዴት እንደሚጥም ልነግራችሁ አልችልም።

በዚህ ምክንያት ትልቁ ቦታ ለእኔ ተሰጠ። ጉንሂልድ ሆንኩ፣ የንጉሡን ጉድጓድ አድርቃለች ተብላ የምትከሰሰዋ ጠንቋይ። ጨዋታው ትምህርት እስኪዘጋ ይቀጥላል፣ ግን ሕግ አለው። ወላጆች የሚመጡበት ምሽት ላይ ፍርድ አለ፣ ወላጆቹ የመንደሩ ሰው ሆነው እጅ ያወጣሉ። ከተፈረደባት ትቃጠላለች፣ የተቃጠለ ደግሞ አይመለስም። ጥግ ይዞ የቤተ መንግሥት ግድግዳ ቀለም ይቀባል። እኔ ወደ ጥግ መመለስን ከእሳት በላይ ነበር የምፈራው። ጓደኛዬ ሆዳን ወንድ ሆና የንጉሡን ጠንቋይ ትጫወት ነበር፣ ካባዋን እያስተካከለች አይዞሽ፣ አመድሽን በምሳ ዕቃ አድርጌ ለእናትሽ አደርስልሻለሁ ትለኛለች።

ለእማዬ መንገር ነበረብኝ። ሴንትሩም፣ መሃል ከተማ፣ ቢሮ ልታጸዳ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ነገርኳት። አማተበች። ቆየችና ካራክተር፣ ማለትም ማርክ፣ ይሰጥበታል ወይ አለችኝ። «ያ» አልኳት።

«እንግዲያው በደንብ ጠንቁዪ» ብላኝ ወጣች።

የቀረኝ የእጁ ጉዳይ ነው። እማዬን በወላጅ ስብሰባ አይታችኋት ቢሆን ይገባችሁ ነበር። ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ ከሆዳን እናትና ከሌሎቹ ስደተኛ እናቶች ጋር። ፊት ያሉት እጅ ሲያወጡ እሷም ታወጣለች። እሷ ስታወጣ ደግሞ ረድፉ በሙሉ ያወጣል፣ ከእነሱ ውስጥ ኖርስክ የምትሻለው እሷ ናትና። አንዴ እንዲህ እጇን አውጥታ ቅዳሜን ሙሉ የትምህርት ቤቱን አጥር ቀለም ስትቀባ ዋለች። ማንም አላስገደዳትም።

ምሽቱ ደረሰ። ጨለማው ከምሳ በኋላ ጀምሮ ነበር ውጭ የሚጠብቀን። መሃል ቆምኩ፣ ድምፄም ወጣ። ጉድጓዱን ያደረቀው ንጉሡ ራሱ ነው፣ ፈረሶቹን ሲያጥብበት ከርሞ አልኩ። ሳቁ። እኔ የምቃጠለው ጉድጓድ ስለደረቀ ሳይሆን የማገዶ እንጨት ስለተረፋችሁ ነው አልኩ። መሳቅ ተዉ። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች።

ሲልየ፣ ጉንሂልድ ትቃጠል የሚል እጁን ያውጣ አለች። ፈረንጆቹ ተያዩ። ሰው ማቃጠል ደስ አይላቸውም። አንድ አባት እየሳቀ አወጣ፣ ሁለት ሦስት ሰው ተከተለው። በቃ፣ ተረፍኩ አልኩ። ያኔ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። አወቅኩት፤ በዚያ እጅ ነው ያደግኩት። ወዲያው የሆዳን እናት እጅ ወጣ፣ ከዚያ የጎኗ፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ሲልየ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረችና እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አየችኝ። ቀይ ጨርቅ ጣሉብኝ፣ መብራቱ ጠፋ።

ስንወጣ ሆዳን ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። እናቷን ለምን እጅሽን አወጣሽ ብላ ጠይቃት ነበር። የገዛ እናቷ ትቃጠል ካለች የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው አለቻት።

መንገድ ላይ እማዬን፣ ሳይገባሽ ነው አይደል ያወጣሽው አልኳት። ተቆጣች። ኖርስክ የማልሰማ መሰለሽ አለች። እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች፣ እንጨቱ ጋ ስደርስ እንባዋ ሁሉ መጥቶ ነበር።

«ታዲያ ለምን?»

«እናትሽ መሆኔን ሰው ሁሉ ያውቃል። ለልጇ አደላች ቢሉኝስ?»

«ቢሉሽ ምን ይመጣል?»

«ምንም አይመጣም» አለች። «ይሉኝታ ነው።»

እሳቱ እውነት ቢሆን ኖሮስ አልኳት። እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። በረዶው ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል።

«እውነት ሲሆን እጅ አውጪ ብለው አይጠይቁሽም» አለች፣ ከአገር ስለወጣችበት ጊዜ በምታወራበት ድምፅ፣ ማለትም እምብዛም በማልሰማው። ተጨማሪ ነገር አልጠየቅኳትም፣ ፈራሁ።

ከዚያም አንድ የመንገድ መብራት ሥር ቆም አለችና ወደ እኔ ዞረች። የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ድረስ ሳበችልኝ። ቅድም እሳት ያስፈረደችብኝ ሴትዮ፣ ብርድ እንዳይመታኝ ሰግታ።