የጥሩነሽ የገመድ ተክል

ሥራ ማበላሸት ቀላል ይመስላችኋል? ለእኔና ለእናንተ ቢጤ ቀላል ይሆናል። እጁ ሥራ የለመደ ሰው ግን አበላሽ ቢሉት ከየት ይጀምረው? ጥሩ ወጥ የምትሠራ ሴት ለምትጠላው እንግዳ እንኳ ስትሠራ ጨው አታበዛም፤ ልቧ እሺ ቢላት እጇ እምቢ ይላታል። እንዲህ ያለውን ሰው ጎረቤት ቶሎ አይረዳውም። እኛም ጥሩነሽን አልተረዳናትም።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። መንደራችን ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ገብስ እንኳ ውርጭን ለምኖ በሚያፈራበት ደጋ ላይ ነበር። የጥሩነሽን ባል ደሴን፣ ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ብለው ደብረ ማርቆስ ምሽግ ውስጥ አስረውታል። አቀብሏል ወይስ አላቀበለም? እሱን ለእኔ ተዉት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የእርሻ ሹም ነኝ የሚል ጣሊያን በበቅሎ መጥቶ ለየቤቱ ግራጫ ዘር አደለ። አስተርጓሚው፣ «ይቺ የገመድ ተክል ናት። አሳምሮ ያበቀለ፣ የታሰረ ዘመድ ካለው ይፈታለታል» አለን። ዛሬ ይህችን ተክል ሐሺሽ ብላችሁ ፖሊስ በሌለበት ነው የምትጠሯት። ያኔ ግን ጭሷን የሚያውቅ በመንደራችን አልነበረም። እኛ የሰማነው ገመዷን ነው፤ ጣሊያን በገመድ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ደርሶ የተመለሰ ሁሉ አይቷል። ሰው ይሰቅልበታል።

ስለዚህ ዘሩን አንዱ ቆልቶ በላው፣ አንዱ ለዶሮ በተነው፤ ሲጠየቅ ሁሉም በውርጭ አሳበበ። ጥሩነሽ ብቻ ዘራችው። ጓሮዋን በበሰለ ፍግ አልብሳ፣ እንደ ጌሾ አራርቃ ተከለችው፤ ጥቅምት ውርጩን ይዞ ሲመጣም በገለባ እየሸፈነች አሳደገችው። ተክሉ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሆነ፤ ሽታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ደረሰ። አጥሯ ላይ የሚተፋ መጣ። የነፍስ አባቷ አባ ተክሌ እንኳ ጠበል ሲረጩ ጓሮዋን ዘለው አለፉ።

«ልጄ፣ በዚህች ተክል ማን እንደሚሰቀልባት አታውቂም?» አሏት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ አባ። እርስዎ ደሴን ያምጡልኝና ዛሬውኑ እነቅላታለሁ።»

አባ ጠበላቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ቆመን የምንሰማውም ወደየቤታችን ተበተንን።

ሹሙ በኅዳር ተመልሶ መጣ። ቁመቷን አይቶ ፈገግ አለ፤ ቅርንጫፏን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ለካ የገመድ ተክል ተጠጋግታ፣ ቀጥ ብላ አድጋ፣ ፍሬ ሳትይዝ መታጨድ ኖሮባታል፤ ተራርቃ ከተንሰራፋች ልጧ ጉልበት የለውም።

«ሳታፈራ?» አለች ጥሩነሽ። «ፍሬ ሳያይ የሚያጭድ ምን ዓይነት ገበሬ ነው?» አስተርጓሚው ይህን መተርጎሙን እንጃ።

ምስኪን ሹም፣ ለአለቆቹ የሚያሳየው ሌላ ማሳ አልነበረውም። ከዚችው ልጥ ገመድ የሚገምድ ሰው ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። ጥሩነሽ ቀደመችን፦ «በዚህ አገር ገመድ የሚያውቅ ደሴ ብቻ ነው፣ ጌታዬ።» በመንደራችን ገመድ የማይገምድ ወንድ አልነበረም። ሁላችንም ጭጭ አልን፤ አባ ተክሌማ አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ሹሙ ልኮ አስፈታውና ደሴ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ መጣ። ጥሩነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ሲተፉባት የከረሙትም አብረው አለቀሱ። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ልጡ ተላጠ፣ ገመዱ ተገመደ። ሹሙ በቅሎውን አሰረበት። በቅሎዋ ዝንብ ለማባረር ራሷን ብትነቀንቅ በጠሰችውና ወደ ሜዳው ሄደች። «ይህስ ገመድ ሰው አይይዝም» አሉ አባ ተክሌ ቀስ ብለው። ሹሙ ለከርሞ የተሻለ እንዲሆን፣ ደሴም እዚያው ሆኖ እንዲገምድ አዝዞ ተመለሰ።

በማግስቱ አባ ተክሌ አንድ ቅርጫት ፍግ ተሸክመው ጥሩነሽ ደጅ ቆሙ። እኔም ተሸክሜ ከኋላቸው ነበርሁ፤ ከእኔም ኋላ ሌሎች ነበሩ።

«ያማረ ፍግ ነው ልጄ፤ አትሰስቺባት። አራርቀሽም ትከያት» አሏት።

ጥሩነሽ ፊቷ ቀላ። «ለከርሞ አጠጋግቼ፣ ደንቡን ጠብቄ ልዘራት ነበር እኮ! ሥራዬ እንዲበላሽ ነው እንዴ ፍግ የምታመጡልኝ?»

ደሴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን በእጁ አሻሸ።

ጥሩነሽ አየችው።

«በሉ፣ በጓሮ በኩል ዙሩና ድፉት» አለችን እየተቆጣች።