የድሬሰር ክንፈ ጆንያ

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዓለም ስትፈጠር ተደባልቃ ቀርታለች ብሎ የሚያምን፣ ካልለያያት እንቅልፍ የማይወስደው። ለእኛ ለመካነ ሰላም ሰዎች የደረሰን የጤና ረዳቱ ክቡር ድሬሰር ክንፈ ነበር። ሠርግ ሲጠራ እንኳ የሚያስለውን ሰው ከማያስለው ለይቶ ያስቀምጣል። "ሁሉም በየቦታው!" ይላል፤ ሙሽራና ሙሽሪትም አይቀሩለትም።

በ1967 ዓ.ም. ረሃቡ ሰዉን ከከላላም ከወረኢሉም እየነዳ ወደ መጠለያው ሲያመጣው፣ ክንፈ ባዶውን የእህል መጋዘን በጆንያ መጋረጃ ከሦስት ከፈለው፤ አንዱ ለተቅማጥ፣ አንዱ ቅማል ለሚያመጣው የግርሻ ትኩሳት፣ አንዱ ሰውነታቸው ላለቀ ሕፃናት። በየመጋረጃው ላይ "ጽኑ ሕሙማን" ብሎ በከሰል መጻፍ ጀመረ። ፊደሉ እንደ ባለቤቱ ቦታ ይወዳልና ጆንያው "ጽኑ" ላይ አለቀ።

አዲሱ መንግሥት የላከው ሹም አይቶ፣ "ጥሩ መፈክር ነው" አለ።

"መፈክር አይደለም ጌታዬ፤ የበሽታ ደረጃ ነው!"

አንድ ቀን እታገኘሁ የምትባል ሴት በግርሻ እየነደደች፣ አጥንቱ የቀረ ልጇን አዝላ መጣች። ክንፈ እናትን ወደ ግርሻው፣ ልጅን ወደ ሕፃናቱ ለየ።

"ሐኪሜ፣ ከሌላ እጅ አይቀምስልኝም!"

"ቅማልሽ ከተሻገረ አይተርፍም፣ እህቴ። ሁሉም በየቦታው!"

እታገኘሁ መጋረጃውን አፍጥጣ እያየች፣ "ምን ይላል አባባ?" ብላ ዘበኛውን ጋሽ ገበየሁን ጠየቀች።

ጋሽ ገበየሁ ፊደል የጀመሩት ከሸበቱ በኋላ ነው። "ጽ... ኑ። አብሽሩ ማለት ነው፣ ልጄ።"

"ልጄን ነጥቆኝ አብሽሩ ይለኛል!"

ልጁ ያን ቀን ወተት አልቀመሰም፤ በማግስቱም። ጋሽ ገበየሁ የልጁ ልቅሶ እየሳሳ ሲሄድ ይሰማሉ። ከሰዓት በኋላ ክንፈ የእናቲቱን ጠጉር አስላጨ፣ ልብሷን አስቀቀለ፣ እጇን በሳሙና አሳጠበ። ከዚያ መቀሱን አንሥቶ ሁለቱን የሚለየውን መጋረጃ ከጽሑፉ ጥግ በእጅ ልክ ቀደደው። የእናቲቱ እጅ ኩባያውን ይዞ በቀዳዳው ገባ። ልጁ እጇን አወቀው፤ ጠጣ።

"ይህ አራተኛ ክፍል ነው" አለ ክንፈ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እናትና ልጅ ድነው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ "ጋሽ ገበየሁ፣ ያን ቅዳጅ አውርደው ሌላ ይስቀሉ" አለ ክንፈ።

ትእዛዙን እንቢ ብለው የማያውቁት ሽማግሌ አልተነሡም። "ሐኪም፣ እስቲ መጀመሪያ ያንብቡት።"

ቀዳዳው የእናቲቱ እጅ በገባ በወጣ ቁጥር እየሰፋ የመጀመሪያውን ፊደል በልቶታል። በክንፈ በራሱ እጅ ጽሑፍ የቀረው አንድ ፊደል ነው፦ "ኑ"።

ክንፈ ወደ ጆንያው ጠጋ ብሎ አነበበው።

"ይቀመጥ" አለ። "ሁሉም በየቦታው።"