ተሰባጥሮ የመጣው ዳክዬ

ቴሌቪዥን ጣቢያ ማለት ጣሪያው ላይ ዲሽ የተሰቀለበት መርካቶ ነው። አታምኑኝም? እንግዲያው ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው።

ስኳር በጠፋ ሰሞን ወደ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ስኳሩ አለ። ግን ብቻውን አይወጣም። አረፋ የማያወጣ ሳሙናና ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ቢስኩት አብሮ ይጫንላችኋል። ከውጭ የሚገባው የካርቱን ኮሜዲም እንደዚሁ ነው። ጣቢያው የሚፈልገው አንድ የሚያስቅ ካርቱን ነው፤ ሻጩ ግን "እሱን ከወሰድክ እነዚህንም ትወስዳለህ" ብሎ የማያስቁትን ሁሉ ያሸክመዋል። የማያስቁት ታዲያ የት ይግቡ? አዲስ ጫማ ስትገዙ ጣቱ ውስጥ የተጠቀጠቀ ወረቀት አለ አይደል? ካርቱን ማለት ያ ወረቀት ነው። ዜናው ቶሎ ካለቀ ካርቱን፣ እንግዳው ከቀረ ካርቱን፣ ኳሱ ዘግይቶ ከጀመረ ካርቱን... ክፍት ቦታ በተገኘበት ይጠቀጠቃል። ልጃችሁ የካርቱን ጅራት እንጂ ራስ ሳያይ የሚያድገው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው ትሉኝ ይሆናል። ከጋሼ ሰዒድ ነዋ!

ጋሼ ሰዒድ በጫማ ተራ የልጆች ጫማ ያከፋፍላሉ። ልጃቸው ሐያት እኔ የማስተምረው አራተኛ ክፍል ውስጥ ናት። እኚህ ሰው ከአንድ ጣቢያ የቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ገዙ። የአየር ሰዓት እንደ ሱቅ በረንዳ ነው፤ ጣቢያው ቦታውን ይሰጣችኋል፣ ዕቃውን የምትደረድሩት እናንተ ናችሁ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ልጆች ካርቱን ሊያዩ ይቀመጣሉ፣ በመሀል ጫማው ብቅ ይላል፣ ልጆቹም እናቶቻቸውን እየጎተቱ ጫማ ተራ ይደርሳሉ።

የጣቢያው ፕሮግራም ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ ማርታ ግን፣ ተመልካች ካልመጣ ሰዓቱ ለሌላ እንደሚሰጥ አስቀድመው ተናግረዋል። "ሌላ" የተባለው ደግሞ ከጎን ባለው ተራ የስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል። ጫማ ተራም ወሬውን ሰምቶ ጋሼ ሰዒድን "ዳይሬክተር" ማለት ጀምሯል። መርካቶን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰዓቱ ከጸና ስሙ ማዕረግ ነው። ከተወሰደ ግን መቀለጃ ሆኖ እስከ ቀብር አብሮ ይሄዳል።

እናም ጋሼ ሰዒድ ጫማ ሊያመጡ ዱባይ ሲሄዱ ካርቱንም ይዘው ተመለሱና አስጠሩኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአንድ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል ተከራይተው፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳዋን በስፖንጅ ፍራሽ አልብሰዋታል። (ፍራሹን ከማን እንደገዙት እናንተው ገምቱ።) የእኔ ሥራ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መመለስ፣ እንደ አስፈላጊነቱም መጮህ ነበር።

የመጀመሪያው ተከፈተ። አንድ ዝርክርክ አባት ዳክዬ ከብልህ ሚስቱና ከነገረኛ ጫጩቶቹ ጋር ውሃ በምታስገባ ጀልባ ላይ ይኖራል። በሳቅ ፈረስኩ። አባትየውን አቶ ልፋቱ ብዬ ሰየምኩት። ጣቢያውም "የአቶ ልፋቱ ቤተሰብ፣ ዘወትር ቅዳሜ!" እያለ ሳምንቱን ሙሉ አስተዋወቀ። ታየ። ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገዱ ተቀበሉኝ። ሐያት ደግሞ የሠርግ ሙሽራ መስላ መሀላቸው ተቀምጣለች።

በሳምንቱ አጋማሽ ሁለተኛውን ለመቅዳት ሄድኩ። ተከፈተ... ድብ።

"ጋሼ ሰዒድ፣ ዳክዬዎቹ የታሉ?"

"እነሱማ አንድ ጊዜ ናቸው" አሉ።

ሦስተኛውን ከፈትኩ፤ ፀጉር አስተካካይ ዝሆን። አራተኛውን ከፈትኩ፤ አውቶቡስ የምትነዳ ፍየል። እስከ መጨረሻው ድረስ አንዱ ካንዱ አይዛመድም።

"አንድ ደርዘን ነው፣ ተሰባጥሮ" አሉ ኮራ ብለው። "ሻጩ ሁሉንም ዳክዬ ሊያደርግብኝ ነበር እኮ። አልተሞኘሁለትም።"

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ቲቸር፣ እኔ ሃያ ስምንት ቁጥር ጫማ ብቻ ባመጣ ሠላሳ የሚያደርገው ልጅ ባዶ እግሩን ይሂድ? ዳክዬ የማይወድ ልጅስ ምን ይሁን? ዕቃ ተሰባጥሮ ካልመጣ፣ ወላሂ፣ እዚያው መጋዘን ያረጃል።"

ታሪክ መነሻ፣ መካከልና መድረሻ እንዳለው፣ ተከታታይ ማለትም የተያያዘ ማለት እንደሆነ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው። በአክብሮት አዳመጡኝ። ስጨርስ ማስታወቂያው መነገሩን፣ ቅዳሜ መድረሱን፣ ፍራሽ ነጋዴውም በዚያው ሳምንት ከወይዘሮ ማርታ ቢሮ ሲወጣ መታየቱን አስታወሱኝና አንድ መፍትሔ አቀረቡ።

"አንቺ አያይዢው። የተማርሽውስ ለምን ሆነና?"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ተራኪ ሆንኩ። ድቡ በበረዶ መሀል ብቅ ሲል "ውድ ልጆች፣ አቶ ልፋቱ ብርዱ ስለጸናበት ጠጉር አበቀለ" አልኩ። በሳምንቱ ዝሆኑ ሲመጣ "አቶ ልፋቱ እንቅልፍ ሲያበዛ ወፈረ፤ በዚያ ቁመናው ጀልባዋ ስለማትችለው ከተማ ገብቶ ፀጉር ቤት ከፈተ" አልኩ። ሚስቱስ? ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ጫጩቶቹስ? አዳሪ ትምህርት ቤት። በፍራሾቹ መሀል ሾልኮ የሚገባው የተሸካሚዎች "ጀርባ! ጀርባ!" የሚል ጩኸት እንኳ አልባከነም፤ የድቡ ጎረቤት ቤት እየቀየረ ነው ብዬ አለፍኩት። ዱባይ ያለው ሻጭ አማርኛ ስለማይሰማ ቅሬታ አላቀረበም።

አራተኛ ክፍል ግን አማርኛ ይሰማል።

ሰኞ ሰኞ ክፍሉ ችሎት ሆኖ ይጠብቀኝ ጀመር። አንዱ የዳክዬና የድብ እግር ጎን ለጎን ሥሎ ይመጣል። ሌላዋ ዘመድ ጥየቃ ይህን ያህል እንደማይፈጅ ከራሷ እናት ልምድ ትመሰክራለች።

"ቲቸር፣ ጠጉሩስ እሺ ይሁን" አለኝ አንዱ ከኋላ ወንበር። "ምንቃሩስ የት ገባ?"

"በብርዱ ተሸማቆ ወደ ውስጥ ገባ" አልኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ውሸት!" አለ። ፍየሏ አውቶቡስ ስትነዳ የታየች ሰሞንማ ክርክሩ ወደ ቤት ተሻግሮ ወላጆች ሳይቀሩ ጣቢያው ድረስ መደወል ጀመሩ። በእረፍት ሰዓት ሐያት ቀስ ብላ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች።

"ቲቸር፣ አባዬን ውሸታም እያሉት ነው።"

የዋሸሁት እኔ፣ ስሙ የጎደፈው የአባቷ። የጥቁር ሰሌዳውን መጥረጊያ አንሥቼ አራገፍኩ።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ማርታ ጠሩን። ጋሼ ሰዒድ ለኒካህ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው መጡ። ታክሲ ውስጥ፣ ሰዓቱን ከወሰዱባቸው ሱቁን ለወንድማቸው ትተው አገራቸው ወሎ እንደሚገቡ ነገሩኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ዘወር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

ወይዘሮ ማርታ እንድንቀመጥ እንኳ አልጋበዙንም። ስልካቸው ከጠዋት እስከ ማታ አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ደዋዩ ሁሉ ዝሆን እንዴት ቀድሞ ዳክዬ ሊሆን እንደቻለ ይጠይቃቸዋል።

"እኛ ጣቢያ ነን ወይስ ጠንቋይ ቤት?" አሉ። ፍርዱም አጭር ነበር። አንድ ታሪክ፣ አንድ ዳክዬ። ካልሆነ ሰዓቱ ለፍራሹ።

እውነቱን ለመናገር በልቤ አጨበጨብኩላቸው። በመጨረሻ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ተገኘ! ጋሼ ሰዒድም እየመረራቸው ዱባይ ደውለው ያልታየውን ቅይጥ መለሱና በምትኩ ዳክዬውን በሙሉ አስመጡ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር መስመር ያዘ። ሚስትየው ከዘመድ ጥየቃ ተመለሰች፣ ጫጩቶቹ ለዕረፍት መጡ፣ ጀልባዋም በየሳምንቱ ሳትሰለች ውሃ ታስገባለች። ሰኞ ክፍል ገብቼ ቅዳሜ አቶ ልፋቱን አይተው እንደሆነ ጠየቅኩ። "አዎ" አሉ። አለቀ። በሳምንቱ "አዎ" ያሉት ግማሾቹ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ጥቂቶቹ...

ሐያት እንደገና ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። "ቲቸር፣ አሁን አባዬን ውሸታም የሚለው የለም።"

"ጥሩ ነዋ።"

"ምንም የሚለው የለም እኮ።"

ወዲያው ወይዘሮ ማርታ ደወሉ። ስልካቸው መጮህ ከማቆም አልፎ መኖሩም ተረስቷል። ምን እንዳደረግነው ጠየቁኝ፤ ያዘዙንን ነው አልኳቸው። ፍራሽ ነጋዴው ውል ሊፈርም ቀጠሮ እንደያዘ፣ ቢሆንም አንድ ቅዳሜ ብቻ እንደሚታገሡን ነገሩኝ።

ተክለ ሃይማኖት ስደርስ ጋሼ ሰዒድ ከግድግዳው የወለቀ አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። የመለሱት ቅይጥ ለሌላ ተሸጦ አልቋል። ዱባይ ያለው ሰውዬ ከእንግዲህ የቀረው ዳክዬ ብቻ ነው ብሏቸዋል። ስክሪኑ ላይ አቶ ልፋቱ ከነምንቃሩ፣ ከነክንፉ፣ አንዲት ላባ ሳትጎድልበት ቆሟል።

"ቲቸር" አሉኝ ሳያዩኝ። "ሐያት 'አባዬ፣ አንተ ስትዋሽ ይሻል ነበር' አለችኝ። እኔ መቼ ዋሸሁ?"

ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ሞኟ፣ ተማሪዎቼ ታሪኩ ስለተበጣጠሰባቸው የተናደዱ መስሎኝ ነበር! የእግር ሥዕል ያመጣው ልጅ የቤት ሥራውን እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። ልጅ ቀኑን ሙሉ ትልቅ ሰው ሲያርመው ይውላል። ታዲያ አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ በቴሌቪዥን ሲዋሽ እጅ ከፍንጅ መያዝን የመሰለ ቅዳሜ ከየት ይገኛል? እኛ ደግሞ ዳክዬውን አስተካክለን የሚያርሙትን ነገር አሳጣናቸው።

መቅጃውን ከፈትኩ። ዳክዬው እንደ ልማዱ እየተንገዳገደ ወደ ጀልባዋ ገባ።

"ውድ ልጆች" አልኩ፣ "ይህ የምታዩት ዳክዬ አይደለም። የዳክዬ ልብስ የለበሰ ዝሆን ነው። ጀልባዋ ውሃ የምታስገባው ለምን ይመስላችኋል?"

ጋሼ ሰዒድ ከፍራሹ ተነሡ።

ሰኞ ክፍል መድረስ አልቻልኩም፤ በሩ ላይ ያዙኝ። ውሸት ነው፣ እግሩን አይተነዋል፣ ዝሆን ከሆነ ኩምቢው የታለ ይላሉ። ሐያት ወንበር ላይ ቆማ "ምንቃሩ ውስጥ አጥፎት ነው!" እያለች ብቻዋን ክፍሉን ሙሉ ትሟገታለች። በሳምንቱ ፍየል ናት አልን፤ የአውቶቡሱ ሥራ ሰልችቷት መርከበኛ ሆነች። የወይዘሮ ማርታ ስልክ እንደገና አላስቀምጥ አላቸው፤ አሁን ግን አይነጫነጩም፤ ማታ ማታ ከልጃቸው ጋር እንደሚወራረዱ ጸሐፊያቸው ሹክ ብላኛለች። ሰዓቱም የጋሼ ሰዒድ ሆኖ ቀረ። ፍራሽ ነጋዴው ተስፋ ሲቆርጥ በእኛው ግማሽ ሰዓት መሀል ማስታወቂያ ያሠራ ጀመር። ጫማ ተራ ላይ አሁን "ዳይሬክተር" ሲባሉ ጋሼ ሰዒድ ዞር ብለው አቤት ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ቀረጻ ጨርሰን ስንወጣ ግን ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። ግራ ቀኝ ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቲቸር፣ ልጆቹስ ይሁኑ። ለእኔ ንገሪኝ፤ ውስጥ ያለው በእርግጥ ማነው?"

"ዳክዬ ነዋ፣ ጋሼ ሰዒድ።"

ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ኮታቸውን እየቆለፉ ደረጃውን ወረዱ።

"ከባለቤቱም ትደብቂያለሽ?" አሉኝ።