ጥርሳሟ የጠፋች ሰሞን

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ዕቃ የሚነካና ዕቃው የሚነካበት። ዕቃ ነክተው "እኔ አይደለሁም" የሚሉ ሦስተኛ ወገኖችም አሉ ይባላል፤ ስለ እነሱ ለጊዜው ዝም ብል ይሻላል።

ዕቃው የሚነካበት ሰው እናንተም ጋ አለ። መቀሱን ከአንዱ መሳቢያ አውጥታችሁ ሌላው ውስጥ ስትከቱት ሁለት ክፍል አቋርጦ የሚሸተው፣ የበሩ ምንጣፍ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ሲል ቤቱ የተዘረፈ የሚመስለው፣ እሱ ነው። አጎታችሁ ሊሆን ይችላል። አማታችሁም ልትሆን ትችላለች፤ እንደዚያ ከሆነ እግዜር ይርዳችሁ።

የዚህ ወገን አለቃ፣ ሊቀ መንበርና ቋሚ ተጠሪ የሚቀመጡት ግን እኛ መዝገብ ቤት ነው። ክቡር ማን-ነካብኝ ይባላሉ። ትክክለኛ ስማቸው በወር አንድ ጊዜ ደመወዝ መቀበያው ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ውጭ የሚጠቀምበት የለም። ፊት ለፊት "ጋሼ" እንላቸዋለን፤ ከኋላቸው "ክቡርነታቸው"።

ጠረጴዛቸውን ብታዩ ሥርዓት ማለት ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ስቴፕለር በቀኝ፣ ማህተም በግራ፣ እርሳሶች መሀል ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው። የወንበራቸው እግር ላይ በጠመኔ የተሰመረ መስመር አለ። ጠዋት ጎንበስ ብለው መስመሩን ሳያዩ አይቀመጡም። አንድ ጊዜ ወንበሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ።

"ማን ነካብኝ?"

"እኔ አይደለሁም!" አልን ሁላችንም በአንድ አፍ። እኛ ጋ ይህ "እንደምን አደራችሁ" እንደ ማለት ነው።

በተለይ የስቴፕለሩ ነገር አልሆነላቸውም። ከስድስት ዓመት ወዲህ በሳምንት አንዴ፣ ሲብስበት ሁለቴ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተሻግሮ ይገኛል። ክቡርነታቸው ያልመረመሩት ሰው የለም። ወንጀለኛው ዱካ እንዲተው ዙሪያውን የጠመኔ ብናኝ ነስንሰው ያውቃሉ። የተገኘው ዱካ የራሳቸው ክርን ነበር።

ቤታቸውም ያው ነው። ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝ አንድ ጊዜ የጨው ዕቃውን ከምድጃው ቀኝ ወደ ግራ አዞሩት። ክቡርነታቸው "ጨው ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ" ብለው ሦስት ቀን ጨው አልባ በሉ። በአራተኛው ቀን ጨው ተመለሰ። "አዝኜለት እንዳይመስልህ" አሉኝ ባለቤታቸው፤ "ምግብ በቀረበ ቁጥር ስብከቱን መስማት ታክቶኝ ነው።"

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ከኮምፒውተር ጋር እንዴት ተስማማ ትሉ ይሆናል። በወረቀትና በማጣበቂያ ነዋ! እያንዳንዱ ቁልፍ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ አጥንተው፣ ደብተር ቆራርጠው፣ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው መስታወቱ ላይ ለጠፉ። "ፈልግ"። "አትም"። "ተመለስ"። አንዱ ደግሞ "አትንካ" ይላል፤ ምን እንደሚያደርግ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ የነካው የለማ። ቁልፉን ራሱን ማየት ካቆሙ ቆይተዋል። የማውሷን ቀስት ወረቀቱ ሥር ያደርሳሉ፣ ይጫናሉ፣ አለቀ።

ከሁሉም በላይ የሚወዱት ግን ከላይ በቀኝ ጥግ የነበረችውን የጥርሳም ጎማ ሥዕል ነው። "ጥርሳሟ" ይሏታል። የፊደል ማጉያው ያለው እሷ ውስጥ ነው። በጥርሳሟ አጋዥነት ፊደሉን አጉልተው አጉልተው አንድ ገጽ አራት ቃል ብቻ ይይዝ ነበር። ስሙ ረዘም ያለ ባለጉዳይ ከመጣ አባቱን ለማግኘት ወደ ታች መውረድ ግድ ነው፤ አያቱ ጋ ለመድረስማ ስንቅ ያስፈልጋል። በመስኮቱ የሚያልፍ መንገደኛ ሳይቀር የሰው ፋይል እያነበበ ይሄዳል። እኔም ብሆን ከወንበሬ ሳልነሳ የስንቱን ገመና እንዳወቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

"ጋሼ፣ ትንሽ አልገዘፈም?" ስላቸው፣

"ፊደል ካልጎላ ክብር የለውም" ይሉኛል።

እንዲህ በሰላም ስንኖር አንድ ሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ተቀየረ። የነገረን የለም። ስክሪኑ ላይ ፊኛ የያዘች ሴት ሥዕል ብቅ አለችና "እንኳን ደስ አለዎት! አዲስ ገጽታ! ቀላል፣ ንጹሕ፣ ለእርስዎ ተብሎ የተሠራ!" አለች። ከሥሩ "ልጀምር" የሚል ቁልፍ አለ። "ይቅርብኝ" የሚል የለም።

ክቡርነታቸው ጀመሩ። ሴትዮዋ ሄደች። ስትሄድ ግን ባዶ እጇን አልሄደችም። ቁልፎቹንም፣ ጥርሳሟንም ይዛ ነው የሄደችው። ስክሪኑ ነጭ በነጭ ሆነ። ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ አከለ። ቀያዮቹ ወረቀቶች ብቻ መስታወቱ ላይ ቀሩ፤ ቤቱ ፈርሶ የቤት ቁጥሩ እንደተረፈ ሰፈር።

"ማን! ነካ! ብኝ!"

"እኔ አይደለሁም" አልን። ያን ቀን እንኳ እውነታችንን ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ተጠርታ መጣች። ትዕግሥቷ የተመሰከረላት ሴት ናት።

"ጋሼ፣ ምንም አልጠፋም። ውስጥ ገብቶ ነው።"

"የት ውስጥ?"

"እነዚህ ሦስት ነጥቦች ይታዩዎታል? እዚህ ውስጥ።"

"ልጄ፣ እኔ እስከማውቀው ነጥብ የሚደረገው ነገር ሲያልቅ ነው። አሁን ከነጥብ በኋላ ነው የሚጀመረው?"

"ተጠቃሚዎች ቀለል ይበልልን ስላሉ እኮ ነው።"

"እኔ ተጠቃሚ አይደለሁም?"

"ነዎት።"

"ብያለሁ?"

"ኧረ አላሉም።"

"እንግዲያው ያለውን ሰው አምጪልኝ።"

ባለሙያዋ ሌላ ክፍል እንደሚፈልጓት ድንገት ትዝ አላት።

ማክሰኞ ደግሞ የባሰው መጣ። ደብዳቤ የምታመላልሰው የሥራ ባልደረባችን፣ ወሬ ከደብዳቤ ቀድማ ስለምታደርስ "ሬዲዮ" የምንላት፣ በሩን ሳትዘጋ ጀመረች፦ "ሰማችሁ? ሥራ አስኪያጇ ሐሙስ ጠዋት እየዞረች ልታይ ነው። እሷ ፊት ፋይል አውጣ ትላለች። በአዲሱ ሲስተም ማውጣት ያልቻለ ምድር ቤት ወርዶ አሮጌ ወረቀት ይጠብቃል።"

"ማን ነው ያቃተው?" አሉ ክቡርነታቸው።

"እኔ ምን አልኩ ጋሼ? ወሬውን ነው ያመጣሁት።"

ምድር ቤቱን አውቀዋለሁ። መስኮት የለው፣ ሰው የለው። አንድ አምፖልና የወረቀት ክምር ነው።

በዚያው ቀን አንድ ነገር አየሁ። ክቡርነታቸው ለምሳ ሲወጡ የስክሪኑ መስታወት ላይ፣ "ፈልግ" እና "ተመለስ" መሀል፣ ክብ የሆነ ወዝ አለ። ጠጋ ብዬ ባየው የአፍንጫ አሻራ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በራልኝ። የክብር ጉዳይ አልነበረም። ፊደሉ አይታያቸውም።

ሲመለሱ እንደ ዘበት "ጋሼ፣ መነጽር ቢያደርጉስ?" አልኳቸው።

"መነጽር ለምን? ዓይኔን ማንም አልነካብኝ!"

ወይ ፍንክች። ረቡዕ ሙሉ ቀን ጥርሳሟን ሲፈልጉ ዋሉ። አንድ ጊዜ የአየር ጠባይ አገኙ። አንድ ጊዜ የራሳቸውን ፎቶግራፍ አገኙና "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አሉ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደብዳቤ መጻፍ ያዙ። ለጣታቸው ዓይን አያስፈልገውም፤ ኪቦርዱን ገና ማንም አልነካባቸውም። አትመው፣ ፈርመው፣ ማህተም መትተው ሊልኩ ነው። እንደ ልማዳቸው ቀስቷን "አትም" የሚለው ወረቀት ሥር አድርሰው ተጫኑና ማተሚያው አጠገብ ሄደው ቆሙ።

ማተሚያው ዝም አለ። ግን ከጎናችን ካለው ክፍል "ጢን" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ከላይኛው ፎቅ። ከዚያ ከየክፍሉ ጢን፣ ጢን፣ ጢን። "አትም" የሚለው ወረቀት ሥር አሁን ያለው ቁልፍ ለካ "ለሁሉም ላክ" ኖሯል። መቶ አርባ ሠራተኛ ይህን አነበበ፦

"ሲስተሙን ለነካው ግለሰብ
ባለህበት
ጉዳዩ፦ የነካኸውን ወደ ቦታው ስለመመለስ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ጥርሳሟን በቦታዋ አላገኘኋትም። ለአሥራ አንድ ዓመት ከላይ በቀኝ በኩል ስትኖር ማንንም አስቸግራ አታውቅም። አንድ ሰው ቤትህ ገብቶ በርህን ጣሪያው ላይ ቢገጥመውና 'እንኳን ደስ አለህ' ቢልህ ምን ትላለህ? ይህን የምጽፈው ዓይኔ ደክሞ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዓይኔ ደህና ነው። ፊደሉ ነው ያነሰው። ስለዚህ ጥርሳሟ እስከ ነገ ጠዋት እንድትመለስ በጥብቅ አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለራሴ"

ሬዲዮ ሆዷን ይዛ ገባች። "ጋሼ፣ ጥርሳሟ ማናት? የላይኛው ፎቅ ሰው በሙሉ ውሽማ ናት እያለ ነው!" ክቡርነታቸው ግን ስክሪኑን እያዩ ነበር። የሥራ አስኪያጇ መልስ ደርሶ ነበር፤ አንድ መስመር ነው። አፍንጫቸውን አስጠግተው ማንበብ ስላፈሩ እኔ አነበብኩላቸው፦ "ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከእርስዎ እጀምራለሁ።"

ክቡርነታቸው እርሳሶቹን አንድ በአንድ አቃኑና ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ሲወጡ የወንበሩን መስመር አላዩም። ይህ አንጀቴን በላው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ምን አገባኝ? ብዬ ነበር። ግን ምድር ቤቱ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እዚያ ወርደው "ማን ነካብኝ?" ቢሉ "እኔ አይደለሁም" የሚል አንድ ሰው የለም።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ጣት ዝቅ አለ። ሦስቱን ነጥቦች ተጫንኩ፤ "ተጨማሪ" አለኝ። ተጨማሪን ስጫን ሌላ ሦስት ነጥብ ወለደ። "የእኔ ጉዞ" የሚል ውስጥ ገባሁ፤ የትም አላደረሰኝም። "ስለ እኛ" የሚለው ውስጥ ስለ ራሳቸው ብዙ አወሩኝ። በመጨረሻ "ምቾት" ከሚለው ሥር፣ "የንባብ ልምድ" የሚል ጓዳ ውስጥ ተደብቃ አገኘኋት። አንሳለች። ጥርሷንም ሞርደውባት ድፍን ክብ ሆናለች። ግን እሷው ናት። ፊደሉን አጎላሁት፤ አራት ቃል በአንድ ገጽ። ከዚያ ወረቀቶቹን በጥፍሬ እየላጥኩ አንድ በአንድ አዲሱ ቦታቸው ላይ ለጠፍኳቸው። ለሦስቱ ነጥቦች አዲስ ወረቀት ቆረጥኩ፦ "ጥርሳሟ እዚህ ውስጥ ናት"። "አትንካ" የሚለውን ግን የት እንደማደርገው ስላላወቅሁ የስክሪኑ ግንባር ላይ ለጠፍኩት።

ሐሙስ ጠዋት ክቡርነታቸው ከሁላችንም ቀድመው ገብተው ቆመው አገኘናቸው። ስክሪኑን ያያሉ።

"ማን ነካብኝ?" አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

"እኔ አይደለሁም!" አለ ቤቱ በሙሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

እንዲህ ያለ መልስ በመዝገብ ቤቱ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ሬዲዮ እንኳ ጣቢያዋ ተቋረጠ። እሳቸው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሥራ አስኪያጇ ገባች።

"የቀድሞውን ዋና ዘበኛ ፋይል ያውጡልኝ።"

ከወረቀት ወረቀት ሄዱ፤ "ፈልግ" አሉ፣ ጻፉ፣ ተጫኑ። ፋይሉ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊታችን ላይ ተዘረጋ። ሥራ አስኪያጇ ከበሩ ሳትርቅ ጮክ ብላ አነበበችው፦ "የዓመት ፈቃድ... ጠይቆ..." ከዚያ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይሄን ማጉያ የት አገኙት? እኔ ከሰኞ ጀምሮ እየፈለግሁት ነው።"

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ነዋ" አሉ፣ ነጥቦቹን ራሳቸው የወለዷቸው ይመስል፤ "ፊደል ካልጎላ ክብር የለውም።"

ስትሄድ ቀይ እስክሪብቷቸውን ተውሳ ሄደች።

በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ።

"ወንበሬም ላይ ተቀምጠሃል።"

"አዎ ጋሼ።"

"ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል።"

"ይቅርታ ጋሼ።"

"ስቴፕለሩንስ?"

"የቱን ስቴፕለር?" አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። እናንተም አትጠይቁኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የመጀመሪያው ሳምንት በስህተት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያ ድምፅ ያልተሰማበት ጠዋት ጠዋት አልመስልህ ብሎኝ ነው።

አርብ ጠዋት ገብቼ ወንበሬን ሳብኩ። የሻይ ኩባያዬ ሁልጊዜ በቀኜ ነው። በግራዬ ቆሟል፤ እጀታው ላይ ነጭ የጣት አሻራ አለ። ቀና ብዬ ወደ ክቡርነታቸው ጠረጴዛ አየሁ። ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለዋል፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ጣታቸው ላይ ጠመኔ አለ።

"ማን ነካብኝ?" አልኩ።

"እኔ አይደለሁም" አሉ።