የአያት ፎቶ ይውረድ፣ አይውረድ?

በአያቱ የማይኮራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በተለይ እዚህ ባሕር ማዶ፣ በምኖርባት በሴንት ፖል ከተማ፣ መጋቢት ላይ የአይሪሾች የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሲደርስ፣ አያቱ በአየርላንድ አጠገብ በመርከብ ያለፈ ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። የሚኮራ ሕዝብ ደስ ይለኛል፤ እኛም ብንሆን በዚህ በኩል አንታማም።

ኮሮና ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዌስት ሴንት ፖል፣ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ የምንንከባከባቸውን አይሪሽ አዛውንት ሚስተር ኬሊን በበዓሉ ዋዜማ ተክዘው አገኘኋቸው። ራስጌያቸው በተሰቀለው ፎቶ ላይ አያታቸው ህንድ አገር፣ በእንግሊዝ የፖሊስ ልብስ፣ ጢማቸውን አሹለው ቆመዋል። መምህርት የሆነችው የልጅ ልጃቸው «ቅኝ ገዢን ያገለገለ ሰው ያሳፍረኛል፤ ወይ ፎቶው፣ ወይ እኔ» ብላ ደውላለች። ከእሷ ሌላ ጠያቂ የላቸውም።

«አውርድልኝ» አሉኝ።

የኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። «አገራችሁን እንግሊዝ ረግጦ ይዞ ሳለ፣ አያትዎ ለእንግሊዝ የሰው አገር ሊጠብቁ ሄዱ?» አልኳቸው።

«ብዙ አይሪሽ ሄዷል። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ጸሐፊ። ርቧቸው ነበር፤ ሥራ ነበር» አሉ። ፎቶውን ቀና ብለው አይተው ደግሞ «ሰውም አስረዋል» አሉ።

አዘንኩ፤ ከኀዘኔ ግን ኩራቴ ቀደመ። እኛ በማንም አልተገዛንም፣ የኔ ቅድመ አያት ጠመንጃቸውን ይዘው አርሲ ድረስ ዘምተው፣ ለጀግንነታቸው መሬት ተሰጥቷቸው እያልኩ ቀጠልኩ። በእንግሊዝኛ ሲነገር ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

የሥራ ባልደረባዬ ጫልቱ እዚያው ክፍል አንሶላ እየቀየረች ነበር። ትውልዷ አርሲ ነው። ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ሶሪ ግን፣ መሬቱ መጀመሪያ የማን ነበር?» አለችኝ።

ወሬዬን ትቼ አንሶላውን አብሬያት አነጠፍኩ። ፎቶውን ግን አላወረድኩም። «ይሰቀል፤ ሰው ማሰራቸውንም ጭምር ለልጅ ልጅዎ ይንገሯት» አልኳቸው ሚስተር ኬሊን።

በማግስቱ የልጅ ልጃቸው መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ኮቷን አላወለቀችም። ሚስተር ኬሊ ፎቶውን እያሳዩ ሁሉንም ነገሯት፤ ረሃቡንም፣ እስሩንም። ኮቷን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች። በሽማግሌው እንዴት እንደኮራሁ!

ያንኑ ቀን አዲስ አበባ ላሉት አባቴ ደወልኩ። አባቴ የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ሳይተነፍሱ ይቆጥራሉ።

«አባዬ፣ አርሲ በተሰጠን መሬት ላይ ቀድሞ የነበረው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?»

«ኔትዎርኩ ይቆራረጣል ልጄ፣ አይሰማኝም» አሉኝ።

የአባቴ ድምፅ እንደዚያ ቀን ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።